ሌሊት የማይዘንብበት ግቢ

ሰው ሲያዝን ያለቅሳል፣ ሲናደድ ይሳደባል፣ ሲደሰት ይዘፍናል። እህተማርያም ግን ለሦስቱም ዕቃ ታጥባለች። አባቷ በሞቱ ሳምንት ለቅሶ የመጡት ሴቶች የያዙትን ሳህን በልተው ሳይጨርሱ ከእጃቸው እየተቀበለች ስትፈገፍግ ሰንብታለች ይባላል። አባቷ ከመንዝ ከዘመቻ ጋር መጥተው ሆሳዕና የቀሩ ወታደር ነበሩ። ቀሩ ማለት እንኳ አይገባም፤ በየዓመቱ “ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ወደ አገሬ” እያሉ ሠላሳ መስቀል እዚያው አሳልፈው፣ በሠላሳ አንደኛው ተቀበሩ።

እናቷ ደግሞ ከሁሉ አጥብቀው ያስተማሯት አንድ ነገር ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ አፉን ከፍቶ የሚያድር ዕቃ በቤት አይኖርም። እንስራ ይሁን ማሰሮ፣ ሙሉም ይሁን ባዶ፣ ይከደናል። ካልተከደነ እንሽላሊት ይገባበታል፤ እንሽላሊት ባይገባበት ስሙ የማይጠራው ይጠጣበታል። ልጅቱ አንድ ቀን፣ “ባዶውን ምን ብሎ ይጠጣዋል?” ብላ ጠይቃ መልሱን በጥፊ አገኘች። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም። ከደነች።

በአሥራ አምስት ዓመቷ ለአቶ ሀብቴ ተዳረች። አቶ ሀብቴ በአገረ ገዢው ግቢ ደብዳቤ ጸሐፊ ናቸው። ጽሕፈታቸው ያምራል፤ እሳቸውም ያውቁታል፤ ያላወቀ ሰው ካለም ያሳውቁታል። በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር በዓለም ላይ አለ ብለው አያምኑም ነበር። የራሳቸውን የልደት ቀን የጻፈው ሰው ስላልነበረ ዕድሜያቸውን የጠየቃቸውን ሁሉ ይቆጡ ነበር።

ጸሐፊ ደግሞ እንደ ደብዳቤው ይላካል። ሾኔ ሁለት ዓመት፣ አንጋጫ ሦስት ዓመት፣ ተመልሶ ሆሳዕና። እህተማርያም በየሄደችበት የገባችው ቤት የሣር ክዳን ነበረ፤ የሣር ክዳኑም እንደ ወንፊት ነበረ። ሾኔ ሳሉ ክረምቱን ሙሉ አልጋውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲጎትቱ ከረሙ። በመስከረም ሳጥኗን ብትከፍት ከእናቷ የወረሰችው ባለጥልፍ ቀሚስ ሻግቶ፣ እንደ ድመት ጠጉር አብቅሎ ጠበቃት። ከእናቷ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። ሦስት ቀን ዕቃ አጠበች። ከዚያ ጀምሮ በዚህ ዓለም ላይ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የማያፈስ ጣራ።

ጣሊያን ከመምጣቱ አምስት ዓመት ያህል ቀድሞ፣ ሆሳዕና ከገበያው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ሙሴ ሬኔ የሚባል ቆዳና ሰም ገዢ ፈረንጅ ይኖር ነበር። ቤቱ የቆርቆሮ ክዳን ነው። ዝናብ ሲመታው እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ወደ ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። እህተማርያም ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ያንን ጣራ ሳታይ አልፋ አታውቅም።

ሙሴው ቆዳና ሰሙን መዝኖ ሲያበቃ ደግሞ ሰማዩን ይመዝናል። በግቢው መካከል በአራት እግር የቆመ ነጭ ሳጥን አለው፤ ጎንና ጎኑ በስስ ጣውላ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የተሠራ፣ ውስጡ ሙቀት የሚለካ የብርጭቆ ዘንግ የተንጠለጠለበት። ከሳጥኑ አጠገብ በረጅም ምሰሶ ላይ የነፋሱን መምጫ የሚያሳይ የቆርቆሮ ዶሮ ይሽከረከራል። ከዶሮው ፈንጠር ብሎ ወገቡ ድረስ መሬት የተቀበረ፣ አፉ እንደ ጡሩምባ የሰፋ የመዳብ ዕቃ አለ። ዝናብ መለኪያው እሱ ነው። የሰፈሩ ሰው ፈረንጁ ዝናብ እንዳይሰረቅ የሚቆጥር መስሎት ነበር።

ሙሴው ጉበቱን ታመመና ወደ አገሩ ለሕክምና ሊሄድ ሆነ። ሰማይ መቁጠሩ እንዳይቋረጥበት የተጨነቀውን ያህል ለጉበቱ የተጨነቀ አይመስልም። ጽሕፈታቸው የሚያምረውን አቶ ሀብቴን አስጠራና ውሉን ነገራቸው። ቤቱ ውስጥ ይቀመጡበት፤ በለውጡ ጠዋት ጠዋት በሦስት ሰዓት የመዳቡን ውሃ መስመር በተሰመረበት ብርጭቆ ገልብጠው ይለኩ፤ የለኩትን በመዝገብ ይጻፉ፤ በየወሩም ግልባጩን አዲስ አበባ ለተቀመጠው ወኪሉ ለአቶ ኃይለመለኮት ይላኩ። አንጋጫ ላይም ወልደ ማርያም ለሚባል አንድ ዲያቆን እንዲሁ ያለ ዕቃ ሰጥቷል። ሥራው በትክክል እስከተሠራ ቤቱ የእነሱ ነው፤ ካልተሠራ ወኪሉ መጥቶ ከነዕቃው ለሌላ ይሰጠዋል።

ከዚያ ወደ እህተማርያም ዞሮ በተሰባበረ አማርኛው፣ “ማዳም፣ ዕቃ ንጹሕ! ሁልጊዜ ንጹሕ!” አላት።

ለእህተማርያም! ዓሣን ዋና ልመድ ማለት እኮ ነው።

ገቡ። በገቡ በመጀመሪያው ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አቶ ሀብቴ በጩኸቱ ተማረሩ፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ተኛች።

ቅዳሜ ቅዳሜ የዕቃው ቀን ሆነ። በሳጥኑ ጣውላ መሀል የዶሮ ላባ እያስገባች የሸረሪቱን ድር ታወጣለች። ተርብ ጥግ ይዞ ቤት ሠርቶ ሲገኝ በጭስ ታባርረዋለች። የብርጭቆውን ዘንግ እስትንፋሷን እፍ ብላበት በስስ ጨርቅ ትወለውለዋለች፤ በውስጡ ያለው ብር መሳይ ነገር ከትንፋሿ ሲሸሽ እያየች፣ “አይዞህ፣ አልነካህም” ትለዋለች። የቆርቆሮው ዶሮ ሲጥ ሲጥ እንዳይል እግሩን ጉሎ ዘይት ትቀባዋለች። የሳጥኑ ቀለም ሲላጥ በነጭ አፈር ትለቀልቀዋለች። መዳቡን ደግሞ በአመድና በሎሚ ፈግፍጋ ፊት የሚያሳይ ታደርገዋለች። በቅዳሜ የመጣ ሰው ዝናብ መለኪያውን አይቶ ጺሙን አስተካክሎ ይሄድ ነበር።

ጎረቤቷ አበራሽ፣ የጨው ነጋዴው የሰይፈሥላሴ ሚስት፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ “ሴትዮ፣ ደግሞ ዶሮውን አስቀምጠሽ ልታሽሞነሙኚው ነው?” ትላታለች።

“አንቺ መጀመሪያ እውነተኞቹን ከቡሃቃሽ ውስጥ አውጪ” ትላታለች እህተማርያም።

እውነቷን ነው። በአበራሽ ቤት ዕቃው ሁሉ አፉን ከፍቶ እንዳዛጋ ይውላል፤ እንዳዛጋ ያድራል። በሊጧ ላይ ዝንብ ይዋኛል። በጠላ ጋኗ አንድ ጊዜ እንቁራሪት ተገኝቶባት፣ “ታዲያ እሱስ አይጠማውም?” ያለች ሴት ናት።

በገቡ በሳምንቱ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። እህተማርያም እንደማንኛዋም የቤት እመቤት ብድግ አለችና ያሰጣችውን በርበሬ አነሳች፣ ልብሱን ሰበሰበች፣ የመዳቡንም ዕቃ በእንቅብ ከደነች። አቶ ሀብቴ ከገዢው ግቢ ሲመለሱ ደረሱባት።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“ዝናብ መጣ እኮ!”

“ዝናብ እንዲመጣበት አይደለም እንዴ የተቀመጠው!”

“አሁን አጥቤው ሳይደርቅ?”

“ስሚ፣ እህተማርያም። ቀን ይህን ዕቃ ብትከድኚው ከቆርቆሮ ቤት ወጥተን ሾኔ ነን። ገባሽ?”

ሾኔ ሲባል የማይገባት ነገር አልነበረም። “ገባኝ” አለች። “ቀን አልከድነውም።”

ቃሏንም ጠበቀች። ቀን አልከደነችውም።

ማታው ግን የእናቷ ነው። ለመዳቡ ተብሎ ከስንደዶ የተሰፋ፣ ዳሩ ቀይ አለላ የሆነ ክዳን አዘጋጀችለት። ፀሐይ ስትገባ ትከድነዋለች፤ ነፋስ እንዳይገልጠውም ላዩ ላይ ድንጋይ ታስቀምጣለች። ጎህ ሲቀድ ትገልጠዋለች። አቶ ሀብቴ ፀሐይ ሳትሞቅ ከአልጋ የማይወርዱ ሰው ስለሆኑ፣ ማታም ከወንበራቸው ተነስተው ግቢውን የሚያዩ ስላልሆኑ፣ ክዳኑን አይተውት አያውቁም። እሷም የምትደብቀው ነገር ስለሌላት አልነገረቻቸውም። ማሰሮ ከደንኩ ብላ ለባሏ የምታስታውቅ ሴት የት አለች? በሐሳቧም ነገሩ የታወቀ ነበር፤ መንግሥትም ሆነ ፈረንጅ ሥራው ቀን ነው። ቀን የሚወርደው ዝናብ ለሙሴው፣ ሌሊት የሚወርደው ለእንሰቱ።

የሆሳዕና ዝናብ ደግሞ ዓመሉ ይታወቃል። ቀን ትንሽ ያስፈራራና ዋናውን ሥራውን ሰው ከተኛ በኋላ ይሠራል።

እንግዲህ አቶ ሀብቴን ማየት ነው። ሐምሌ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሰማይ ተቀዶ ሲወርድ አድሯል። ጠዋት በሦስት ሰዓት ካባቸውን ደርበው፣ ቀለምና ብዕር ይዘው ይወጣሉ። ግቢው ኩሬ ነው። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይሰምጣል። መዳቡን ከተቀበረበት መዝዘው ብርጭቆው ላይ ይገለብጡታል። ጠብ የሚል የለም። ዕቃው አብረቅርቆ የገዛ ፊታቸውን ያሳያቸዋል። አቶ ሀብቴም በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው፣ “ዝናብ የለም” ብለው ይጽፋሉ፤ ከዚያ ጫማቸውን ከጭቃው ለማውጣት ምሰሶውን ይይዛሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ግር ብሏቸው ነበር። ሰማይን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ፣ መዝገቡን አዩ። ሦስቱ ሊስማሙ አልቻሉም። በኋላ ግን ከሦስቱ ጽሑፍ ያለው አንዱ ብቻ መሆኑን አስተውለው ልባቸው ተረጋጋ። ያውም ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ነው። ከሰማይና ከጫማ እሱ ይታመናል።

ከጉብታው በታች እንሰት የሚተክሉ አቶ ላምቤቦ የሚባሉ የሀድያ ሽማግሌ በገበያ ቀን በዚያ ያልፋሉ። አንድ ቀን ጠዋት ከገሳቸው ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ አጥሩ ዘንድ ቆሙ።

“ጌታዬ፣ ደህና አደሩ? ማታ ከብቶቼ በረት ውስጥ ሊዋኙ ነበር እኮ።”

“ምን ሆነው?” አሉ አቶ ሀብቴ።

“ዝናቡ ነዋ!”

አቶ ሀብቴ መዝገቡን ገልጠው በጣታቸው አስኬዱበት። “የለም።”

“ምኑ ነው የለም?”

“ዝናቡ። በመዝገብ የለም።”

አቶ ላምቤቦ ገሳቸውን ጨመቅ አደረጉት። ውሃው አቶ ሀብቴ እግር ሥር ፈሰሰ። “ታዲያ ይሄ ምንድነው፣ ጌታዬ?”

አቶ ሀብቴ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ። “ጤዛ ይሆናል” አሉ።

“ጤዛ!”

“ከባድ ጤዛ።”

ሽማግሌው ኮስተር ብለው እጅ ነሥተው ሄዱ። በሚቀጥለው ገበያ ግን ከሩቅ ተጣሩ። “ጌታዬ! ያ ጤዛዎ ትናንት ማታ ድልድያችንን ወስዶታል፤ ካገኙት ይመልሱልን!” ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በሆሳዕና ሰው ሲበሰብስ፣ “ጤዛ መታኝ” ይባል ጀመር።

እህተማርያም ይህን ሁሉ ከደጃፏ ትሰማለች። ሽማግሌው የሌሊቱን ዝናብ ከቀን መዝገብ መፈለጋቸው አስገረማት እንጂ ባሏ ተሳስተዋል አላለችም። የሌሊቱ እንደማይጻፍ ማንም ያውቀዋል ባይ ነች። ለአቶ ላምቤቦ አዘነችላቸው። ያረጁ ሰው ናቸው።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ክረምት አለፈ። ከእናቷ ቀሚስ የቀረው ቁራጭ ጥልፍ በሳጥኗ ውስጥ ደርቆ፣ ኮሰረት ኮሰረት እየሸተተ ተቀመጠ። በሦስተኛው ዓመት በነሐሴ አቶ ኃይለመለኮት ከአዲስ አበባ ሳይታሰቡ መጡ።

አቶ ኃይለመለኮት ውጭ አገር የተማሩ፣ ኮትና ሱሪ የለበሱ፣ ከጫማቸው በላይ ነጭ መሸፈኛ የሚያስሩ ሰው ናቸው፤ ነጭነቱ ግን የአዲስ አበባ ወሬ ሆኖ ቀርቷል። በቅሏቸው እስከ ሆዷ፣ እሳቸው እስከ ደረታቸው ጭቃ ናቸው።

አቶ ሀብቴ በሩ ላይ ተቀብለው፣ “ምነው ጌታዬ፣ ይህ ሁሉ ጭቃ ከየት አገኘዎት?” አሉ።

አቶ ኃይለመለኮት ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። “ዝናብ ከሌለበት አገር” አሉ።

ጭቃቸውን እንኳ ሳያራግፉ ሁለት ወረቀት ከቦርሳቸው አወጡ። አንዱ የአቶ ሀብቴ ነው፤ ሌላው የአንጋጫው የወልደ ማርያም። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። አንጋጫ በበቅሎ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በአንጋጫ ጎርፍ ነው፤ በሆሳዕና ድርቅ።

“ዕቃው አርጅቶ ይሆናል” አሉ አቶ ሀብቴ። “የመዳብ ዕቃ ያፈሳል።”

አቶ ኃይለመለኮት ውሃ በማሰሮ አስመጡና በብርጭቆው ለክተው ወደ መዳቡ አፈሰሱ። ቆይተው ገለበጡት። የገባው ያው ወጣ፤ አንዲት መስመር አልጎደለም። ዕቃውን ወደ ፀሐይ አንስተው አገላበጡት።

“በሕይወቴ እንዲህ ንጹሕ ዝናብ መለኪያ አላየሁም” አሉ። “እንግዲህ ዕቃው ደህና ነው። የቀረው ጸሐፊው ነው።”

“እኔ?”

“ከአልጋዎ ሳይወርዱ ነው የሚጽፉት፣ አቶ ሀብቴ።”

“በገብርኤል! በየቀኑ ወጥቼ፣ እየሰመጥኩ—”

“በምን እየሰመጡ?”

አቶ ሀብቴ ዓይናቸውን ወደ መዝገቡ አዞሩ። በመዝገብ የሌለውን ነገር ሊጠሩት ነበር።

“ነገሩ ከባድ ነው” አሉ አቶ ኃይለመለኮት። “ለአገረ ገዢው ሳላስታውቅ አልሄድም። የዝናብ ሐሰት የጻፈ የመንግሥቱን ደብዳቤስ ምን አድርጎ እንደሚጽፈው ማን ያውቃል? የሚገርመው፣ ወልደ ማርያም የዘነበበትን ሰዓት ጭምር ይጽፋል፤ ቀን የዘነበው ዝናብ ከእሱ ጋር ደህና ይቀራረባል። የሌለው የሌሊቱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ግቢ ሌሊት አልዘነበም!”

እህተማርያም ከበሩ ኋላ ቆማ ለእንግዳው እግር መታጠቢያ ውሃ ይዛ ነበር። 

“የሌሊቱም ይጻፋል እንዴ?” አለች በልቧ።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተገለጠላት፤ የአቶ ላምቤቦ ገሳ፣ ጤዛው፣ የገበያው ሳቅ። ባሏን አየቻቸው። 

“ዛሬ እዚሁ አድራለሁ” አሉ አቶ ኃይለመለኮት ወደ ጠቆረው ሰማይ እያዩ። “ነገ በሦስት ሰዓት አብረን እናያለን።”

አቶ ሀብቴ በዚህ ጊዜ ፊታቸው በራ። “እንዲያውም! ባዶ ነው የሚሆነው፤ ያያሉ!” አሉ።

እህተማርያም የታጠበውን ሳህን እንደገና አንስታ ታጥብ ጀመር። ማሰብ ስትፈልግ እንዲህ ነው። ክዳኑን ዛሬ ብትተወው ዕቃው ሞልቶ ያድራል፤ አቶ ሀብቴ በሐሰተኛነት ይያዛሉ፤ ከሥራቸውም ይባረራሉ። እንደ ወትሮው ደግሞ እንግዳው ራት ሲቀርብለት ቀስ ብላ ሄዳ ብትከድነው፣ ጎህ ሲቀድም ብትገልጠው፣ ባዶ ይሆናል። ባሏ ነፃ ይወጣሉ፤ ይህ የአዲስ አበባ ሰው በሆሳዕና ሰማይ ተገርሞ ይሄዳል፤ ቤቱም ይቀራል። የሚያስፈልገው ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ ትችላለች። ካልሆነም መናገር አለ። ከተናገረች ባሏ ይድናሉ፤ ቤቱ ይሄዳል።

ቀና ብላ ጣራውን አየችው። ቆርቆሮው አሁን ዝም ብሏል። ሾኔን አሰበች፤ አልጋ መጎተቱን፣ ቀሚሱን። ሳህኑን አራት ጊዜ አጠበችው። ደብቃ መክደን ግን አልሆንላት አለ። ዕቃ መክደን በሕይወቷ አፍራበት የማታውቀው ሥራዋ ነበር፤ እንደ ሌባ እያጎነበሰች ልታደርገው አልፈለገችም።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ክዳኑን ከተሰቀለበት አወረደች። ሁለቱ ሰዎች ከተቀመጡበት በረንዳ ፊት ለፊት፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀጥ ብላ ወደ መዳቡ ሄደች። ከደነችው። ድንጋዩን አስቀመጠችበት። ዞረችና፣

“ሁለት ዓመት ያደረው እንዲህ ሆኖ ነው” አለች።

 የቆርቆሮው ዶሮ ያለ ድምፅ ዞረ፤ በደንብ ተቀብቷል።

“ሁልጊዜ?” አሉ አቶ ኃይለመለኮት።

“አንድ ማታ አላስታጎልኩም” አለች። በኩራት ነበር የተናገረችው፤ እንዴት ሌላ ትናገረዋለች?

“ለምን?”

“ተከፍቶ ይደር እንዴ ታዲያ? ያውም አጥቤው?”

“ማነው ተከፍቶ አይደር ያለሽ?”

“እናቴ።”

አቶ ኃይለመለኮት ጭቃቸውን ረስተው ተቀመጡ። “የእኔም እናት…” ብለው ጀመሩ።

“ባለሙያ ናቸው ማለት ነዋ።”

“ባዶ ብርጭቆ እንኳ…” አሉ፤ ከዚያ ውጭ አገር መማራቸው ትዝ አላቸውና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አቶ ሀብቴ በዚህ መሀል ነፍሳቸው ተመልሳላቸው ነበር። “እኔ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ!” አሉ።

እህተማርያም አየቻቸው።  ወደ ውስጥ ገብታ የቀረውን ሳህን አጠበች።

አቶ ኃይለመለኮት ክዳኑን ራሳቸው አነሱትና ያን ሌሊት መዳቡ ሳይከደን አደረ። ጠዋት በሦስት ሰዓት ሲገለበጥ ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ደግመው ቀዱ። አቶ ሀብቴ መስመሩን ሦስት ጊዜ ቆጥረው፣ “ይሄ እንኳ ጤዛ አይደለም” አሉ። በሁለት ዓመት የመጀመሪያውን የሌሊት ዝናብ ጻፉት፤ ከዚያ መዝገቡን እንዲያስረክቡ ታዘዙ።

አቶ ኃይለመለኮት ክፉ ሰው አልነበሩም። ለገዢው ምንም አልተናገሩም። ውሉ ግን ውል ነው፤ የሁለት ዓመት መዝገብ እሳት ማቀጣጠያ ሆኗል። ለእህተማርያምም እንዲህ አሏት፦ “ዛሬ አልከድንም ትይኛለሽ፤ አምንሻለሁ። ከወር በኋላ እጅሽ ራሱ ይሄድና ይከድነዋል። የእናቴን አውቃለሁ።” ልትሟገት ፈለገች፤ እጇን አየችውና ተወችው።

አዲስ ጠባቂ ፍለጋ ወጡ። ሩቅ አልሄዱም። አጥሩን ተሻግረው አበራሽ ቤት ገቡ። የውሃው እንስራ ክፍት፣ ቡሃቃው ክፍት፣ ጋኑ ክፍት። አንዲት ጫጩት ከድስት ውስጥ ብቅ አለችና አየቻቸው።

“ይህች ሴት ማታ ምን ትከድናለች?” ብለው ጠየቁ።

“እሷ? ዓይኗን” አለ ባሏ ሰይፈሥላሴ።

አቶ ኃይለመለኮት እፎይ አሉ። የሚፈልጉት ሰው እሷ ነበረች። እንዲህ ሆኖ በሆሳዕና ምንም ነገር ከድና የማታውቀው ሴት፣ ስለ ሙያዋ፣ የቆርቆሮ ቤት ተሸለመች።

እህተማርያምና አቶ ሀብቴ ለመስቀል ከገበያው በታች ወዳለ የሣር ቤት ወረዱ። በገቡ በሳምንቱ ዝናብ መጣና አቶ ሀብቴ ራስጌ ላይ ወረደ። አልጋውን ከጥግ ወደ ጥግ ጎተቱ። ያን የወረሰችውን ቁራጭ ጥልፍ እህተማርያም ሳጥን ውስጥ አልመለሰችውም፤ በደረቷ ይዛው ተቀመጠች። ጠዋት አቶ ሀብቴ ፍራሻቸውን እያሰጡ፣ “ማታ ዘንቧል” አሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ መዝገብም ሳያዩ። ቆይተው ደግሞ፣ ፊታቸውን ወደ ፍራሹ አድርገው፣ “እኔ አልነገርኩሽም ነበር” አሉ። “ስለ ሌሊቱ ክዳን። ነገርኳት ያልኩት… አልነገርኩሽም።”

“አውቃለሁ” አለች።

“አንቺ ባትናገሪ…”

“ፍራሹን ይገልብጡት እንጂ፤ በዚያ በኩልም ረጥቧል” አለች። 

በኅዳር አበራሽ ራሷ ወደ ሣር ቤቱ ወረደች። ደጃፍ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር። ይህ አመሏ አልነበረም።

“እህቴ፣ ጉድ ሆኛለሁ።”

“ምነው?”

“ዕቃው ጉሮሮው ተደፍኗል። ቅጠል ነው መሰለኝ፤ ንብም አለበት፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። በሳጥኑ ውስጥ ተርቡ አላስቀርብ ብሎናል። ዶሮውም ሌሊት ይጮኻል።”

“የቆርቆሮው?”

“እሱ ነዋ! የአዲስ አበባው ሰውዬ በታኅሣሥ እመጣለሁ ብሏል። እኔ ደግሞ…” አበራሽ እጇን ዘረጋች፤ እጇም ምንም እንደማይሆንላት ራሱ ይናገር ነበር። “በሞቴ፣ ነይ።”

ሌላ ሴት ብትሆን በሩን ትዘጋባት ነበር፤ ወይም ደስ ብሏት ትስቅባት ነበር። እህተማርያምም ሁለቱም አማሯት። ግን መዳቡ በዓይኗ መጣባት፤ ያ ፊት የሚያሳይ መዳብ፣ ጉሮሮው ተደፍኖ። ሎሚና አመድ፣ የዶሮ ላባና ጉሎ ዘይት በእንቅብ አድርጋ ወጣች።

ቀኑን ሙሉ ሠራች። ቅጠሉን፣ ንቡን፣ የሚንቀሳቀሰውንም አወጣች፤ እንቁራሪት ነበር፣ አበራሽም አወቀችው። ተርቡን በጭስ አባረረች፣ ጣውላውን በየመሀሉ ጠረገች፣ ዶሮውን ቀባች። በዚያ ቤት ጣራ ሥር ግን አልገባችም፤ አበራሽ ገብተሽ ቅመሺ ብትላት በደጁ በላች። ቀና ብላም አላየችውም። ከዚያ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ጀመር፤ አዲስ አበባ የደረሰው መዝገብም ከሆሳዕና ከተላከው ሁሉ የታመነው ሆነ፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ስም የሰይፈሥላሴ ነበር።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን ሥራዋን ስትጨርስ ፀሐይ ጠልቃለች። መዳቡ እንደ ድሮው ያብረቀርቃል። ወቅቱ ባይሆንም ከአንጋጫ በኩል ደመና ይመጣ ነበር። እህተማርያም እንቅቧን ባዶ እንዳለ በእጇ ይዛ በዕቃው ላይ ቆመች። እንቅቡ ከዕቃው አፍ ጋር ልክ ነበር። አንድ ሁለት ጠብታ የታጠበው መዳብ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

አበራሽ ከበረንዳው ሆና አየቻት። መቼም ካልቀለደች አይሆንላትም፣ “ምነው፣ ልትከድኚው ነው እንዴ?” አለቻት።

እህተማርያም እንቅቡን ገልብጣ በገዛ ራሷ ላይ ደፋችው።

“ተይው” አለች። “ይግባበት።”

ቁልቁለቱንም ጀመረችው።